አባ ኮዳ ዳይኖሰር ነው ወይ? አንድ ጥያቄ፣ 31 መልስ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ኬጂ ተዘግቷል። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ ይወርዳል። የ4 ዓመቱ ልጄ፣ አጎቱ አንድ የፕላስቲክ ዳይኖሰር ካመጣለት ወዲህ ሌላ ነገር አይታየውም። ሲበላ ያገሳል፣ ሲታጠብ ያገሳል፣ ስቆጣውም ያገሳል። በከተማችን የወላጆች መድረክ ላይ ገብቼ ጻፍኩ። ብዙ ሳላወጣ፣ ቤት ባለው ነገር፣ ይህን የዳይኖሰር ፍቅር ወደ ጨዋታና ወደ ትምህርት የማዞርበት መላ ያላችሁ አካፍሉኝ አልኩ። ስልኬን ከእጁ የሚያስጥል ከሆነ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጨረስኩ። የአሻንጉሊቱንም ፎቶ አያያዝኩ። ያ ፎቶ በኋላ ጉድ አፍልቷል።

ሦስት አራት መልስ ነበር የጠበቅኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ 31 ሆነ። መሃል ላይ ሰዎች ተኳርፈዋል፤ አድሚኑም ገብቶ አስታርቋል። ሰሞኑን አዲስ የገቡ ወላጆች ከላይ እስከ ታች ማንበቡ ከበደን፣ አንቺው ንገሪን ስላሉኝ በቁጥር እየጠራሁ እተርካለሁ። የወደድኩትን አስረዝማለሁ፣ ያልወደድኩትን እዘላለሁ። ጥያቄው የእኔ ነውና መብቴ ነው።

መልስ 1 የመንታ እናት ናት። ሰላምታዋ ብቻ ሦስት መስመር ነው። ከዚያ የጨው ሊጥ አስተማረችኝ። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ወደ 1 ኩባያ የሚጠጋ ውሃ ቀስ እያሉ። እጅ ላይ መለጠፉን ሲተው ጠፍጠፍ ይደረግና ልጁ የአሻንጉሊቱን እግር ይጫንበታል። አሻንጉሊቱ ሲነሳ ዳናው ይቀራል። ቅጠልም፣ ዛጎልም፣ የልጁ አውራ ጣትም ይታተምበታል። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቅሪተ አካል የሚባለው ነገር ለትንሽ ልጅ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው አለች። እንስሳው ሄዷል፤ የረገጠው ጭቃ ግን ደርቆ፣ ሌላ አፈር ተጭኖበት፣ ከስንት ዘመን በኋላ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። መንትዮቿ ይህን ከሠሩ ወዲህ ግቢ ውስጥ የድመት ዳና ባዩ ቁጥር ቅሪተ አካል እያሉ ይጮሃሉ።

መልስ 2 ጭብጨባ ብቻ ነው። መልስ 3 ማስጠንቀቂያ ነው። ልጇ ከሊጡ ቆርሶ ውጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ያደረ እናት ናት። ትንሽ ሆድ ያን ሁሉ ጨው አይችልም፣ ሊጡ ባለበት ለአፍታም ዞር እንዳትሉ አለች። ልክ ናት።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ከበድ አለ። የጻፉት አንዲት አያት ናቸው፤ ስልኩን የያዘላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። እህል መጫወቻ አይደለም አሉ። የ77ን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ ዱቄት ሲደፋ ዛሬም ደስ አይላቸውም። ግን ተቆጥተው ብቻ አልሄዱም። እሳቸው በልጅነታቸው በሬውንም ላሙንም እረኛውንም ከጭቃ ሠርተው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር። ዳይኖሰርን ከበሬ የሚለየው የጅራቱ መወፈር ነው፣ ጭቃ ደግሞ በክረምት በነፃ ነው አሉ። የመንታዋ እናት መልስ 5 ላይ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ የምትጠቀመው የነቀዘ ዱቄት መሆኑንም አስረዳች። እኔ ጭቃውን መረጥኩ። ሸክላ የሚሠራበት ዓይነት የሚያጣብቅ አፈር ከተገኘ ዳናው ከሊጡ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጉዳቱ ልብስ ማጠቡ ነው፤ እሱን ማንም አልነገረኝም።

መልስ 6 የበረዶ እንቁላል ነው። ትንሽ አሻንጉሊት ፊኛ ውስጥ ይከተታል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይቋጠርና ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። ጠዋት ፊኛው ሲቀደድ ክብ በረዶ ይወጣል። ልጁ በለብ ባለ ውሃ፣ በጨው፣ በማንኪያ እየሞከረ ፍጥረቱን ያስፈለፍላል። ጨው በረዶን እንዴት ቶሎ እንደሚያቀልጥ በገዛ እጁ ያያል። የፊኛውን ቁራጭ ግን ወዲያው መልቀም ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ሐሳቡ ግሩም ነበር፣ መብራት የሚባል ነገር ባይኖር። መልስ 7 ሦስት እንቁላል አስገብቶ በማግስቱ ሦስት ውሃ የቋጠረ ፊኛ ያወጣ አባት ነው። ከዚያ ስለ መብራት ብዙ ጻፈ። ዘልዬዋለሁ።

መልስ 8 አጭርና ጨካኝ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው እንስሳ ዳይኖሰር አይደለም የሚል ብቻ። ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። ደሜ ፈላ። ጀርባው ላይ እንደ ጀልባ ሸራ የተዘረጋ ነገር ያለው፣ ጥርሱ የሾለ፣ ከእነ ዳይኖሰሮቹ ጋር በአንድ ላስቲክ ታሽጎ የተሸጠ ነገር ዳይኖሰር ካልሆነ ምንድን ነው? መልስ 9 የእኔ ነው፤ ይህንኑ በቁጣ የጻፍኩበት ነው። አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

ያዳነኝ መልስ 10 ነው። ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በመድረኩ ሁላችንም መምህር ነው የምንላቸው። መልስ 8 የተናገረው እውነት ነው፣ አነጋገሩ ግን የፈተና ወረቀት ማረሚያ መሰለ ብለው ጀመሩ። አሻንጉሊቱ ዲሜትሮዶን ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች ከመምጣታቸው ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ የጠፋ እንስሳ ነው። በዘር ሐረግ ከተቆጠረ ደግሞ ለዳይኖሰሮች ሳይሆን ለእኛ፣ ለአጥቢዎች ወገን ነው የሚቀርበው። በእነዚህ አሻንጉሊቶች መካከል የሚገኘው የሚበር እንሽላሊት የሚመስለውም ዳይኖሰር አይደለም፤ ዘመዳቸው ነው እንጂ። ፋብሪካው ያስፈራ እንጂ ምንም ይሁን ብሎ አንድ ላስቲክ ውስጥ ይከታቸዋል።

ከዚያ መምህር ነገሩን ገለበጡት። ቤትሽ ያለው ዳይኖሰር ካልሆነ አትዘኚ፣ እውነተኛው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሞልሻል አሉ። አባ ኮዳ የምንለውን ትልቅ ወፍ ማለታቸው ነው። ዳይኖሰሮች በሙሉ አልጠፉም። አንደኛው የዘር ሐረጋቸው ወፍ ሆኖ ተርፏል። ዶሮም፣ እርግብም፣ አባ ኮዳም የዚያ ወገን ናቸው። ከሁሉም ግን ለልጅ ዓይን ዳይኖሰርነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው አባ ኮዳ ነው አሉ። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2.5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጭንቅላቱ መላጣ ነው። ድምፁ ብዙም አይሰማም፤ ምንቃሩን ነው ቀጭ ቀጭ የሚያደርገው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ደግሞ ራሱ ላይ ስለሚጸዳዳ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት እግሩን የሚያቀዘቅዘው እንደዚያ ነው። ይቺን ለ4 ዓመት ልጅ ከነገርሽው ሌላውን ትምህርት ሁሉ ይይዝልሻል አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጄ እስካሁን ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ጨዋታም አልነሱኝም። ሁለት ማማሰያ እያጋጩ እንደ አባ ኮዳ ማውራት። እጅን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አንገትን ሰበር አድርጎ፣ በረጅም እርምጃ ሳሎን ውስጥ መሄድ። እርጥብ አሸዋ ላይ የወፍ ዳና ፈልጎ ጣቶቹን መቁጠር። ሦስቱ ወደፊት ናቸው። በሁለት እግሩ የሚሄደው ሥጋ በል ዳይኖሰርም የረገጠው እንደዚያው ባለ ሦስት ጣት ነው።

መልስ 11 እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። አንድ አባት ነው። ልጆቻችን ዋልያን ሳያውቁ፣ ቀይ ቀበሮን በዓይናቸው ሳያዩ፣ የፈረንጅ አገር አውሬ ስም ያነበንባሉ አለ። ጥያቄዬ ራሱ የዘመኑ በሽታ ምልክት ነው አለ። መልስ 12 ደግፎት ወቀሳውን ከዩቲዩብ እስከ ልደት ኬክ ወሰደው። መልስ 13 የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ልጅ የሚወደውን አባት መርጦ አይሰጠውም፣ ወንድሜ፤ ዋልያ ከወደደ የስሜን ተራሮች መንገዱ ያውልህ አለችው። እኔ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

መልስ 14 ላይ መምህር ተመለሱ፤ በዚህ የውይይት ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። የፈረንጅ አገር አውሬ የሚለውን አልቀበልም አሉ። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ የአባይ ገባር በሆነው በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ የጁራሲክ ዘመን ዳይኖሰሮች ጥርሶች ተገኝተዋል። ዓለቱ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይባላል፤ ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከኬንያ ቀጥሎ ባለችው ታንዛኒያ ደግሞ ተንዳጉሩ የሚባል ቦታ አለ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ቆፍረው ያወጡት የአንገተ ረጅሙ ጂራፋቲታን አጽም ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ከፍታው ከ13 ሜትር በላይ ነው። በእኛ አነጋገር ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ማለት ነው። ጥርሱ እዚህ፣ አጥንቱ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ወድቆ ሳለ የሰው አገር ነገር ማለት አይሆንም አሉ። የመልስ 11 አባት ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። ወይ አምኗል፣ ወይ ወጥቷል።

የጀማን ጥርስ ለልጄ ስነግረው ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። ጥርሱን ማን ነቀለው?

መልስ 15 በቅን ልቦና የመጣ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰጂው፣ ሉሲ ያለችው እዚያ ነው፣ ዳይኖሰሮቹም በሷ ጊዜ ነበሩ አለች። መልስ 16 አረማት፤ ደግሞ በጨዋ አነጋገር። ጸሐፊው የምህንድስና ተማሪ ነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ ናት። ዳይኖሰሮቹ ከወፎች በቀር ያለቁት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ሙዚየሙ ይታይ፣ ግን ለሌላ ታሪክ ይታይ አለ። ከዚያ ሲባጎ አምጡ አለን። አንድ ሳንቲሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። የሲባጎው ጫፍ ዛሬ ነው። 3.2 ሳንቲሜትር ላይ ድንቅነሽን እሰሩ፤ ቀይ ክር። 66 ላይ ትልቁን ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ ቲ ሬክስን እሰሩ። 150 ላይ ጀርባው ላይ ሳህን የሚመስል አጥንት የተሰለፈበትን ስቴጎሳውረስ። 230 አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ዳይኖሰሮች።

ሠራሁት። ሲባጎው ከሳሎኑ በር እስከ ቡፌው ደረሰ። የገረመኝ ሌላ ነው። ቲ ሬክስና ስቴጎሳውረስ በሥዕል ላይ ሁልጊዜ ሲጣሉ ነው የማያቸው። ሲባጎው ላይ ግን ቲ ሬክስ ለስቴጎሳውረስ ሳይሆን ለእኔ ነው የሚቀርበው። ትንሹ ልጄ ይህ አልገባውም። የ9 ዓመቷ እህቱ ግን ደጋግማ ለካችው፤ ሳላስበው ለሁለት ልጅ የሚሆን ጨዋታ ሆነ። ለትንሹ ቋጠሮ መቁጠሩ ይበቃዋል።

ከ17 እስከ 19 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ወንድም ይህን የሚሊዮን ቆጠራ ከእምነቱ ጋር እንዴት እንደሚያስታርቀው በትህትና ጠየቀ። መልስ 18 አሾፈበት። ከዚያ ቃላት ተወራወሩ፤ ግማሹ አሁን ጠፍቷል። መልስ 19 አድሚኑ ነው፤ ይህ የልጆች ጨዋታ ክር ነው፣ ሌላውን በውስጥ መስመር ተነጋገሩ ብሎ ዘጋው። የጠየቀው ሰው ማሾፊያ የሚሆን ነገር አልጠየቀም ነበር። እኔ ለልጄ የነገርኩት በጣም በጣም ድሮ ብዬ ነው። እሱ ድሮ ሲባል የአያቱ ሠርግ ነው የሚመስለው።

መልስ 20 ክሩን ወደ ወጥ ቤት መለሰው። ለእኔ ከጨዋታዎቹ ሁሉ አንደኛው ይሄ ነው። ዶሮ ወጥ ሲሠራ አጥንቱ አይጣል፤ ይቀቀል፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከዚያ ልጁ በጥቁር ካርቶን ላይ እየገጣጠመ ዶሮዋን መልሶ ይሠራል። 12ቱን ብልት ማውጣት የምናውቅ ሴቶች የአጥንት ሊቃውንት ነን፣ ሳናውቀው ነው አለች። ከዶሮዋ ደረት በላይ እንደ ባላ የተሰነጠቀች ቀጭን አጥንት አለች፤ ቲ ሬክስም እንደዚያ ያለች አጥንት ነበረችው። ረጅሙ አጥንት ሲሰበር ውስጡ ባዶ ነው፤ የብዙ ዳይኖሰሮች አጥንትም ውስጡ ባዶ ነበር። የዶሮዋን እግር በቀይ ስር ጭማቂ ነክሮ ወረቀት ላይ ማተም ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነው።

መልስ 21 ቀኑን አስታወሰን። ነሐሴ 1 ነው እህቴ፣ ፍልሰታ ገብቷል፣ የምን ዶሮ ነው የምታወሪው አላት። መልስ 22 ፈጠን ያለች ናት። ጎረቤቴ አይጾሙም፣ አጥንቱን በላስቲክ ያስቀምጡልኛል፣ እኛ እስከ 16 እናጥባለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ ስንፈታ እንገጣጥማለን አለች። ሐዋሳን ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተዋወቂያ አላውቅም።

መልስ 23 ነርስ ናት። ነርሷ ስትጽፍ ሁሉም ቀጥ ይላል። ጥሬ ዶሮ እግር የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ አፍ ጋ እንዳይደርስ። የተሰነጠቀ አጥንት ይወጋልና ይወገድ። በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ አጥንቱን ያፈራርሰዋል፤ ለልጅ ትንፋሽም ጥሩ አይደለም። ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለበት ቤት ትንንሽ አጥንት መሬት ላይ አይደር። አሸዋ ቆፍረን ቅሪተ አካል እንፈልግ ብላችሁ ልጅ ይዛችሁ ሐይቁ ዳር የምትወርዱ ካላችሁ ደግሞ ቢልሃርዚያ እንዳለ አትርሱ አለች። ውሃው ውስጥ ባዶ እግር አይገባም። ጉማሬውን እንኳ ተዉት። አሸዋውን በጀሪካን አምጥታችሁ ገበቴ ውስጥ ቀብራችሁ በብሩሽ አስቆፍሩ። አሸዋ ለማይገኝበት የደረቀ የቡና አተላ ይበቃል፤ ሽታውም ደስ ይላል።

መልስ 24 የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የሁለት ወንዶች ልጆች አባት። ቲ ሬክስ 12 ሜትር ነው ሲባል ልጆቹ አልገባቸውም። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር ሰልፍ ሲጠብቁ ባጃጆቹን አፍንጫና ጅራት አስነክተው ደረደሩ። አራት ተኩል ያህል ሆነ። አምስተኛው ባጃጅ ግማሹ ተረፈ። ልጆቹ ከፊተኛው መብራት እስከ አምስተኛው ወንበር ሮጠው ነኩት። ትራፊክ ፖሊሱ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠይቆ፣ ሲነገረው ራሱም በእርምጃ ለካ አለ። ከመጽሐፍ ሥዕል ይህ ይሻላል።

መልስ 25 እሳተ ገሞራ አመጣ። ጭቃ ይከመራል፣ መሃሉ ላይ የለስላሳ ጠርሙስ ይቀበራል፣ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል፣ በቀይ ስር የቀላ አቼቶ ይፈስበታል፤ ይገነፍላል። ዳይኖሰሮቹን የጨረሳቸው ይኸው ነው ብሎ ጨረሰ። መልስ 26 መምህር ናቸው። ግንፈላውን ወደዱት፣ መደምደሚያውን አረሙት። ዋናው መቅሰፍት ከሰማይ የወደቀ፣ ስፋቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዓለት ነው። ሜክሲኮ፣ ዩካታን ላይ ቺክሹሉብ የሚባለውን ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ ቆፈረ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መቂን አልፈን ቆቃ አካባቢ እስክንደርስ ያለውን ያህል ነው። አቧራው ፀሐይን ሸፈነ፣ ተክል ደረቀ፣ ተክል በሉ ተራበ፣ ሥጋ በሉም ተከተለ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ገበቴ ውስጥ ያለ ዱቄት መሰል አፈር ላይ ጠጠር ከላይ መጣል። ጠጠሩ ትንሽ፣ ጉድጓዱ ትልቅ።

እሳተ ገሞራ ካማራችሁ ግን ከቤታችሁ አትራቁ አሉ። ሐዋሳ ራሷ የተቀመጠችው የጥንት እሳተ ገሞራ ሲደረመስ በቀረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ኮርቤቲም እዚሁ አጠገባችን ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ከዚያ እሳት የተረፈ አረፋ ነው። ውሃ ባልዲ ውስጥ ጣሉት፣ ይንሳፈፋል። ልጄ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ካየ ወዲህ ድንጋይ ሁሉ ባልዲ ውስጥ ይገባል። የአጥሩ ብሎኬት ስባሪ ሳይቀር።

መልስ 27 ዳይኖሰር ነው ዳይኖሶር ብሎ ጠየቀ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1842 ቃሉን ከግሪክኛ ሲሠራው አስፈሪ እንሽላሊት ለማለት ነው፤ ስለዚህ አማርኛ እንስጠው አለ። ማንም አልሰጠውም። ከዚህ መልስ የተጠቀምኩት በሌላ በኩል ነው። ስሙ በዳ ይጀምራል፤ ዳ ደግሞ የደ ራብዕ ናት። ከካርቶን ስቴጎሳውረስ ቆርጬ ጀርባው ላይ ከእንቁላል ትሪ የተሠሩ ሰባት ሳህኖች ሰካሁበት። ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ፣ ዶ። እየነቀለ መልሶ ይሰካል። የእውነተኛው ሳህኖች ከሰባት በላይ ናቸው፤ መምህር እንዳያዩብኝ።

መልስ 28 ነጋዴ ነው። ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚያብጥ የዳይኖሰር እንቁላል አለኝ፣ ቤት ድረስ አደርሳለሁ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ጣለ። መልስ 29 ነርሷ ናት፤ በዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ የከረረው ይሄ ነው። ውሃ የሚያሳብጠው ነገር ልጅ ከዋጠው ሆድ ውስጥም ያብጣል፣ አንጀት ይዘጋል፣ ቀዶ ሕክምና ያስደርሳል፣ ይህን እያወቅህ ለኬጂ ልጅ ትሸጣለህ ወይ አለችው። እሱም ሌላ ሰው ሲሸጥ ዝም ብለሽ ነበር ብሎ ተቆጣና ማስታወቂያውን አነሳ። አነጋገሯ ከረረ ያሉ ነበሩ። እኔ ከሷ ጋር ነኝ።

መልስ 30 ላይ መምህር ጠየቁኝ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ወይ? ሄደን ነበር፤ ጾሙ በተፈታ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ዓሣ አጽጂዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። አባ ኮዳዎቹ አንጀቱ እስኪጣልላቸው እንደ ዕድር ሰው ተሰልፈው ቆመዋል። ልጄ ከቤት ሲወጣ ሲያገሳ ነበር። አንዱ አባ ኮዳ ሁለት እርምጃ ወደኛ ሲመጣ ነጠላዬ ውስጥ ገባ። ወፉ በግማሽ ሜትር ይበልጠዋል። ቆይቶ አንድ ዓይኑን አወጣ። እግሩን አየ፤ ነጭ ነው። ጣቶቹን ቆጠረ፤ ሦስት። ከዚያ ይሄ ዳይኖሰር አይደለም፣ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ነው ብሎ ፈረደ። አሻንጉሊቱስ አልኩት። ዲሜትሮዶን ዘመዳችን ነው አለ፤ መምህር ለእኛ ይቀርባል ያሉትን በሌላ መንገድ ይዞታል። አሁንም አቅፎት ነው የሚተኛው። ማገሳቱን ግን ትቷል። ማማሰያ ነው የሚያጋጨው፣ ሌሊትም ጭምር።

መልስ 31 እዚያ ከሄድሽ አይቀር ቆሮሶ በስንት ገዛሽ የሚል ነው። አልገዛሁም። ልጁ ዓሣው የሽማግሌዎቹ ነው ብሎ አላስነካኝም።